ፈቃዱ በአፈወርቅ እጅ ነው

ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው። ካመናችሁኝ ጥሩ፤ ካላመናችሁኝም አልቀየማችሁም። እኔ ራሴ ባላይ ኖሮ አላምንም ነበር።

ቀኑ ሐሙስ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2003 ዓ.ም። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ተኩል። ቦታው መሐል ሜዳ፣ መንዝ።

ሌሊት አልነበረም። ሰው ምሳውን በልቶ ወደ ሥራው የሚመለስበት ሰዓት ነው።

ጉሙ ግን መስኮቱ ድረስ መጥቶ ቆሞ ነበር...

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ስሜ ትሕትና ነው። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ፣ አንድ ትንሽ የኮምፒውተር ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። አንድ የመሬት ምዝገባ ፕሮጀክት ከመንዝ ጠራን። የፕሮጀክቱን ስም አልጠራም። ዛሬ የለም።

የገበሬው ይዞታ ሁሉ የተመዘገበበት አንድ አሮጌ ሰርቨር ነበራቸው። የአሥራ አራት ሺህ አባወራ መሬት... ማሳው የት ይጀምራል፣ የት ያበቃል፣ ከማን ጋር ይዋሰናል፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው።

ሰርቨሩ ደግሞ ሊሞት ነው። ዲስኩ "ቋ... ቋ..." ማለት ከጀመረ ወር አልፎታል።

የእኔ ሥራ ቀላል ነበር። በአሮጌው ውስጥ ያለውን እንዳለ ቀድቼ፣ ይዤው በሄድኩት አዲስ ማሽን ውስጥ ማኖር። ቨርቹዋል ማሽን እንለዋለን። የራሱ ሳጥን የለውም። በሌላ ማሽን ውስጥ የሚያድር ኮምፒውተር ነው። ሲከፍቱት ግን አሁንም በድሮው ሳጥን ውስጥ ያለ ይመስለዋል።

አለቃዬ ታዲዮስ ሲሸኘኝ እንዲህ አለኝ።

"መቅዳቱ አያስቸግርሽም። የሚያስቸግርሽ ላይሰንሱ ነው።"

ላይሰንስ ፕሮግራሙን የመጠቀሚያ ፈቃድ ነው። ያ የመሬት ፕሮግራም ሲገዛ ፈቃዱ የተሰጠው ለአንድ ሳጥንና ለአንድ ሰው ነበር። ሳጥኑን ስትለውጡበት "አላውቃችሁም" ይላል። አልከፈትም ይላል።

ይህ ሁሌም የሚያጋጥም ነገር ነው። የለመድኩት ነገር ነው።

እንደዚያ ነበር የመሰለኝ...

ሰኞ ከሰዓት በኋላ መሐል ሜዳ ደረስኩ። ዝናቡና ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ አቶ ወዳጆ ተቀበሉኝ። ሃምሳ አምስት ዓመት የሚሆናቸው፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። በኮታቸው ላይ ጋቢ ደርበዋል።

ከቢሮዎቹ ሁሉ መጨረሻ ወዳለው ክፍል ወሰዱኝ። ቁልፉን ሰጡኝና ደጃፉ ላይ ቆሙ።

"አይገቡም?" አልኳቸው።

"እዚሁ ይሻለኛል፣ ልጄ።"

ገባሁ። ጠረጴዛው አቧራ ለብሷል። ወንበሩም አቧራ ለብሷል።

ኪቦርዱ ግን ንጹሕ ነበር።

"እዚህ ማን ነው የሚሠራው?"

"ማንም። ሠራተኛው ሁሉ ከየክፍሉ ሆኖ ነው የሚጠቀመው።"

"ይህ ኪቦርድ ግን..."

"ማንም አልኩሽ እኮ።"

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"አፈወርቅ የሚባል ልጅ ነበር። ሰርቨሩንም ፕሮግራሙንም የዘረጋው እሱ ነው። ሁለት ዓመቱ... ጓሳ የሣር ሜዳ ላይ መሬት ልንለካ ወጥተን ጉም ወረደብን። ቀረ።"

"ሞቶ ነው?"

ጋቢያቸውን ሰብስበው ሄዱ።

ማክሰኞ ከጠዋት ጀምሬ ስቀዳ ዋልኩ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አለቀ። አዲሱን ማሽን አስነሣሁ። ሁሉም ነገር በቦታው ነበር። የመሬቱን ፕሮግራም ስከፍት አንድ መስመር ብቻ ወጣ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ በአማርኛ ልንገራችሁ።

"ይህ ፈቃድ በሌላ ማሽን ላይ በሥራ ላይ ነው።"

አልደነገጥኩም። አሮጌው ሰርቨር ገና አልጠፋማ። አጠፋሁት።

እንደገና ሞከርኩ።

ያው።

የመብራት ገመዱን ነቀልኩ። የኔትወርክ ገመዱንም ነቀልኩ። በየክፍሉ ዞሬ ኮምፒውተሮቹን ሁሉ አስጠፋሁ። ሠራተኞቹ አጉረመረሙብኝ።

ተመልሼ ሞከርኩ።

ያው... ከሥሩ ግን አዲስ መስመር ተጨምሯል።

"ሰባ ሁለት ሰዓት ይቀራል። ከዚያ በኋላ መዝገቡ ይቆለፋል።"

እስኪ ወደ አሮጌው ልመለስ ብዬ ገመዱን ሰካሁ። ቁልፉን ተጫንኩ። ዲስኩ አንድ ጊዜ "ቋ" አለ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ አልተሰማም።

ሞተ።

የአሥራ አራት ሺህ ሰው መሬት የቀረው እኔ በቀዳሁት ውስጥ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ሊቆለፍ ነው።

ለታዲዮስ ደወልኩ።

"የመጀመሪያው ማሽን ጠፍቷል?" አለኝ።

"ገመዱ እጄ ላይ ነው።"

"እንግዲያው ሌላ ሰው ቀድቶታል። ፈቃዱን ማን እንደያዘው ዝርዝሩን ክፈችው።"

ከፈትኩት።

"ምን ይላል?"

መስመሩን ደግሜ አነበብኩት።

"ትሕትና?"

"አፈወርቅ ይላል። ዛሬ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ ሁለት ገባ ይላል። አሁን... እየሠራ ነው ይላል።"

"ታዲያ ለምን አትጠይቂውም?" አለኝ ታዲዮስ። "እዚያው የሚሠራ ሰው አይደል?"

ረቡዕ ጠዋት ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጫለሁ። በሩን ከውስጥ ቆልፌዋለሁ። ዝርዝሩ ባዶ ነው። ማንም የለም።

ሁለት ሰዓት ከሠላሳ... ሠላሳ አንድ... ሠላሳ ሁለት።

"አፈወርቅ። ገብቷል።"

ወንበሬን ይዤ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

አራት ሰዓት ሙሉ ያንን ስም ሳየው ዋልኩ። ልክ ስድስት ተኩል ሲሆን "ለጊዜው ወጥቷል፤ ፈቃዱ ተይዟል" አለ።

ምሳ ሰዓት ነው...

የሞተ ሰው ምሳ ይወጣል? ራሴን ጠየቅኩና ሳቄ መጣ። ሳቄን ስሰማው ደግሞ ፈራሁ።

ግን አንድ ነገር ማወቅ ነበረብኝ። ምንድን ነው የሚሠራው? መዝገቡ እስኪቆለፍ ድረስ ማንበብ ይቻላል። በአፈወርቅ ስም የገባውን ሁሉ አወጣሁ።

ከሐምሌ 2001 ጀምሮ በየቀኑ አንድ ነገር ብቻ ነው ያስገባው። አንድ ነጥብ። በካርታ ላይ የአንድ ቦታ ልክ። የማሳ ስም የለውም፣ ባለቤት የለውም። ቅዳሜና እሑድ የለም። በበዓል ቀን የለም። በሥራ ቀን ሁሉ ግን አለ።

ነጥቦቹን በካርታው ላይ ዘረገፍኳቸው።

መስመር ሠሩ።

መስመሩ ከጓሳ ይነሣል። በቀን አርባ ሜትር ያህል ይራመዳል። ወንዙን ተሻግሮ፣ ገደሉን ዞሮ፣ የሰው እርሻ ሳይረግጥ በየወሰኑ ይሄዳል። የመጨረሻው ነጥብ፣ የዛሬው፣ ከቢሮው አጥር በስተጀርባ ነው።

አቶ ወዳጆን ጠራኋቸው። ደጃፉ ላይ ቆሙ።

"ይግቡ ጋሽ ወዳጆ። እባክዎ ይግቡ።"

ፊቴን አይተው ገቡ። ካርታውን ብዙ አዩት። ከዚያ አቧራው ወንበር ላይ ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡ።

"ይህ የተነሣበት ቦታ..." አሉ፣ በጣታቸው እየነኩ። "እዚህ ነው የቆምነው።"

"ይንገሩኝ።"

"ሁለት ነበርን። መለኪያውን የያዘው እሱ ነው፣ ከኋላዬ ነው። ጉሙ ሲወርድ ቆምኩና ተጣራሁ። 'መጣሁ' አለኝ። ደግሜ ተጣራሁ። 'መጣሁ' አለ፣ ቀረብ ብሎ። በሦስተኛው ጆሮዬ ሥር ነው ያለው።"

ጣታቸውን ከካርታው ላይ አነሡ።

"የጓሳ ሣር ሲረገጥ ይሰማል፣ ልጄ። ሻሽ... ሻሽ... ይላል። እሱ ሲመጣ ምንም አልተሰማም። ድምፁ ብቻ ነው የመጣው።"

"ከዚያስ?"

"ሮጥኩ።"

ከቆርቆሮው ላይ ጠብታ ብቻ ይሰማል።

"ሰባት ቀን ሕዝቡ ወጥቶ ፈለገው። ጫማው እንኳ አልተገኘም። መሮጤን ግን ለማንም አልተናገርኩም። ለሚስቱም።"

ማታ ታዲዮስ ደወለ። ፕሮግራሙን ከሸጡት ሰዎች ጋር ተነጋግሯል። መፍትሔ አለ።

"ፈቃዱ በአፈወርቅ ስም ነው። እሱ ራሱ ካልለቀቀ፣ ሰውየው በሕይወት የለም የሚል ደብዳቤ ይፈልጋሉ። የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም፣ የቤተሰቡ ፊርማ። በፋክስ ላኪልኝ። አዲስ ቁጥር ይሰጡናል፤ የእሱን ይሰርዙታል።"

ለአቶ ወዳጆ ነገርኳቸው።

"ማኅተሙ አለ" አሉ። "ግን ሚስቱ አረጋሽ ካልፈረመች አልመታም። እሷን አንድ ጊዜ በድያታለሁ።"

አረጋሽ ሐሙስ በምሳ ሰዓት መጣች። ቤቷ ከቢሮው አጥር ጀርባ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ነጠላዋ ንጹሕ ነጭ፣ ጸጉሯ ዛሬ የተሠራ ሹሩባ ነው። ጥቁር የሚባል ነገር ላይዋ ላይ የለም።

ደብዳቤውን አነበበችው። ድምፅ ሳታሰማ፣ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

"ሁለት ዓመት ሰው ሁሉ ልቅሶ ተቀመጪ ሲለኝ ኖረ" አለች። "አማቶቼ ለመኑኝ። ንስሐ አባቴ መከሩኝ። ሬሳ ሳላይ፣ አፈር ሳላለብስ አልኩ። አሁን ደግሞ ኮምፒውተር ነው ሞቷል በይ የሚለኝ?"

አፈርኩ።

"እትዬ አረጋሽ፣ የሰው መሬት ሊጠፋ ነው። ያንቺም እዚያ ውስጥ ነው።"

"ለምን የሱ ስም ያስፈልጋችኋል?"

መዋሸት ይቻል ነበር። ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ።

"ስሙ... አሁንም ውስጥ አለ። በየቀኑ ይገባል።"

አቶ ወዳጆ "ተይ!" አሉኝ። ዘግይተዋል።

አረጋሽ ቀና ብላ አየችኝ። አላለቀሰችም። አልጮኸችም።

"አሳዪኝ።"

ካርታውን ከፈትኩላት። መስመሩን በጣቷ ከጓሳ ጀምራ ተከተለችው። ጫፉ ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

"ወደ ቢሯችን ነው የሚመጣው" አሉ አቶ ወዳጆ፣ በሹክሹክታ።

"አይደለም" አለች። "ይህ ቢሮ አይደለም። ይህ የኛ ጓሮ ነው።"

ሰዓቴን አየሁ። ሰባት ተኩል።

"አፈወርቅ። ገብቷል።"

መስኮቱን አየሁ። ጉሙ መጥቶ ቆሟል። አጥሩ አይታይም። ግቢው ውስጥ ያለው ባሕር ዛፍም አይታይም። ነጭ ብቻ ነው።

ፕሮግራሙ ፈቃዱን ለያዘው ሰው አጭር መልእክት መላኪያ አለው። "እባክህ ልቀቅልኝ" ለማለት የተሠራ ነው። የገበሬዎቹን ስም ስለሚጽፍ አማርኛ ይቀበላል።

አረጋሽ ይህን ስነግራት ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ማነህ በይው።"

ጻፍኩ። ትንሽ ቆየ። መልሱ መጣ።

"አፈወርቅ። የባለይዞታ ቁጥር 0417። ወንድ። ዕድሜ 34።"

ከኋላዬ አቶ ወዳጆ "በስመ አብ..." ሲሉ ሰማሁ።

አረጋሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዓይኗ በራ። እንደዚያ የበራ ዓይን ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

"እኔ ማን ነኝ በይው።"

"አረጋሽ። ሴት። ዕድሜ 29። የቤተሰብ ብዛት 2። የማሳ ብዛት 3። በምሥራቅ ወልደ ጻድቅ ያዋስናል። በምዕራብ መንገድ።"

"ሃያ ዘጠኝ..." አለች ቀስ ብላ። "ያኔ ነበር ሃያ ዘጠኝ።"

"ሌላ ምን ልጠይቀው?"

"ቤት ውስጥ ምን ብለህ ነው የምትጠራኝ በይው።"

ጻፍኩ።

"አረጋሽ። ሴት። ዕድሜ 29። የቤተሰብ ብዛት 2..."

ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ቀነሰ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። ትንፋሿ ይሞቃል።

"አንድ ልጅ ነበረን" አለችኝ። "ወንድ። ለክርስትና ሳይደርስ ሞተ። ስም ያወጣለት አፈወርቅ ነው። ከሁለታችን በቀር ያንን ስም የሰማ የለም። መዝገብ ላይም የለም።... የልጅህ ስም ማን ነበር በይው።"

ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ሰረዝኩ። ጻፍኩ። ላክሁ።

ጠበቅን።

ደቂቃ አለፈ። ሁለት ደቂቃ።

ክፍሉ ውስጥ ብርዱ ጨመረ። ትንፋሻችን ሲጨስ አየሁት።

መልሱ መጣ።

"የቤተሰብ ብዛት 2።"

አረጋሽ ስክሪኑን ብዙ አየችው። ከዚያ ተነሣች።

"እሱ አይደለም" አለች። "የሱን ነገር የያዘ ሌላ ነው። ብዕር ስጡኝ።"

ብዕሩን ከኪሴ ሳወጣ ስክሪኑ ላይ አዲስ መልእክት ወጣ። እኛ ምንም አልጠየቅንም።

"መጣሁ።"

ከሥሩ ደግሞ...

"መጣሁ።"

"መጣሁ።"

አቶ ወዳጆ ግድግዳውን ተደገፉ። ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወደቀ።

"አረጋሽ... ይቅር በይኝ። ያን ቀን ተጣርቼ መጣሁ እያለኝ፣ ትቼው ነው የሮጥኩት።"

ዞር ብላ አየቻቸው።

"አውቃለሁ ጋሽ ወዳጆ። ሁለት ዓመት ፊትዎ ላይ ሳየው ኖሬያለሁ።" ብዕሩን አነሣች። "እፈርማለሁ። ግን እርስዎም ከሥሬ ይፈርሙ።"

ፈረመች። ፈረሙ። ማኅተሙ ተመታ።

አረጋሽ በሩን ከፍታ ወጣች። ግቢው መሐል፣ ጉሙ ውስጥ ቆመች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፈፈች።

ሁለት ዓመት ያጠራቀመችው ጩኸት ያን ጊዜ ወጣ።

"ወየው አፈወርቄ! ወየው..."

ከየቢሮው ሴቶች ሮጠው ወጡ። ከመንገዱም ሰው መጣ። አቶ ወዳጆ መሬት ላይ ተንበርክከው ደረታቸውን ይመታሉ።

እኔ ደብዳቤውን በፋክስ ላክሁ። መስመሩ ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። በአራተኛው አለፈ። ወደ ክፍሉ ተመልሼ በሩን ዘጋሁና ጠበቅሁ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ታዲዮስ ደወለ።

"ቁጥሩ መጥቷል። ጻፊ።"

ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሐል ይዤ ጻፍኩ። ሃያ አምስት ፊደልና ቁጥር። አስገባሁት። ፕሮግራሙ ተቀበለው። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረ።

"የቀድሞው ተጠቃሚ ይሰናበት?"

"አዎ በይው" አለ ታዲዮስ።

እጄን ዘረጋሁ።

"መጣሁ" የሚለው መልእክት ቆሞ ነበር። ለአንድ ሰዓት ያህል ምንም አልመጣም።

አሁን አንድ መጣ።

"ብርድ ነው።"

እጄ አየር ላይ ቀረ።

ይህ መዝገብ ላይ የለም። የትኛውም መዝገብ ላይ እንዲህ የሚል ነገር የለም።

"ትሕትና? ተጫንሽው?"

ውጭ የአረጋሽ ድምፅ ይሰማል። ተነሥቼ በሩን ከፍቼ ልጠራት እችል ነበር። ነይ፣ አንድ ነገር ልበልሽ፣ እስኪ ይህንን እዪው ማለት እችል ነበር።

"ትሕትና! ቁጥሩ የሚቆየው አሥር ደቂቃ ብቻ ነው። ተጫኚው እንጂ!"

አሥራ አራት ሺህ አባወራ... ለራሴ ይህን ነው ያልኩት። እስከ ዛሬም ለራሴ የምለው ይህንኑ ነው።

ተጫንኩት።

ዝርዝሩ ባዶ ሆነ። ፕሮግራሙ ተከፈተ። ማሳዎቹ፣ ወሰኖቹ፣ ስሞቹ፣ አንድም ሳይጎድል ወጡ። ታዲዮስ "ጎበዝ!" አለኝ።

ሥራዬን ጨረስኩ። ያየሁትን ለማንም አልተናገርኩም።

ዓርብ ጠዋት ጉሙ ተገፎ ነበር። ሚኒባሱ እስኪሞላ ጊዜ ስለነበረኝ፣ ልቅሶ ሳልደርስ አልሄድም ብዬ ወደ አረጋሽ ቤት ሄድኩ።

ድንኳን ተጥሏል። ሰው ሞልቷል። አረጋሽ ጥቁር ለብሳ ጸጉሯን ተላጭታ ተቀምጣለች። አጠገቧ አቶ ወዳጆ አሉ። እንደ ልጅ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

"እግዚአብሔር ያጽናሽ" አልኳት።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ እኅቴ" አለች። ድምጿ ጠፍቷል።

ጥቂት ተቀመጥኩ። ቀና ስል ቦታዋ ላይ የለችም። ሳልሰናበታት አልሄድም ብዬ ወደ ጓሮ ዞርኩ።

ጓሮው ውስጥ፣ የካርታው መስመር ባበቃበት ቦታ፣ ከትልቁ ቤት ጀርባ አንዲት ትንሽ የሣር ቤት አለች። አረጋሽ በጉልበቷ እየገፋች በሩን ስትከፍት አየኋት። በሁለት እጇ ሙቅ ውሃ የሞላበት ሳፋ ይዛለች። እንፋሎቱ ፊቷን ጋርዶታል። ክንዷ ላይ ፎጣ አንጠልጥላለች።

የመንገደኛ እግር ሊታጠብ ሲል ነው እንደዚያ የሚያዘው።

"እትዬ አረጋሽ?"

ዞረች። አልደነገጠችም። ጣቷን ከንፈሯ ላይ ማድረግ አልቻለችም፤ እጇ ተይዟል። በራሷ ብቻ፣ ቀስ ብላ፣ "ዝም በይ" አለችኝ።

ገባች። በሩ ተዘጋ።

ቆምኩ። ውስጥ ሰው ሲናገር አልሰማሁም። የውሃው ድምፅ ብቻ... ሲፈስ፣ ቆም ሲል፣ ደግሞ ሲፈስ።

ከዚያ ያጠበችበት ውሃ በበሩ ሥር ወጣ። ወደ እኔ ሁለት ክንድ ያህል ፈሰሰ፤ እየሄደ ሳለ ቆመ። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ነካሁት።

ሐምሌ ነው። በሐምሌ መንዝ ውርጭ የለም።

በረዶ ሆኖ ነበር።